ደቻቱን ሽቅብ፦ ከድሬዳዋ በላይ ያለው ሸለቆ በሙቀት ወራት

[ምስል፦ ጎህ ሲቀድ ደረቅ የወንዝ አሸዋ፤ ከበስተጀርባው ተራራ]

ይህ የምታዩት አሸዋ ወንዝ ነው። ስሙ ደቻቱ ነው፤ የከዚራን ሰፈር ከመጋላ ሰፈር ለይቶ ድሬዳዋን ለሁለት ይከፍላል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ሰው ይሻገርበታል፣ ፍየል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዛሬ አሸዋውን ተከትለን ወደ ደቡብ፣ ወደ ሸለቆው እንገባለን። ወሩ ግንቦት ነው፤ ሰዓቱ ከሌሊቱ 11 ተኩል።

ብዙ ሰው ይህን ጉዞ ከላይ፣ በሐረር መንገድ ተራራው አናት ላይ ካለችው ደንገጎ ጀምሮ ቁልቁል መውረድ ይቀለዋል ብሎ ያስባል። እኔ አልስማማም። ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,880 ሜትር ትጠጋለች። አየር በ100 ሜትር ከፍታ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ከላይ የሚነሣ ሰው ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ እሱም ወደባሰው ሙቀት እየወረደ ነው። ከታች የተነሣ ግን ዳገቱን በቀዝቃዛው ሰዓት ይጨርሳል፤ ሲደክመው ቁልቁለቱ ይጠብቀዋል። ይህ ግድግዳ የሚመስል ተራራ ቀላል ነገር አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ሐረርን ትቶ እግሩ ሥር የቆመው በእሱ ምክንያት ነው፤ ድሬዳዋም የተወለደችው በዚያው ነው።

[ምስል፦ ሸለቆው እየጠበበ ሲሄድ፤ ነጣ ያሉ የድንጋይ ግድግዳዎች]

ግራና ቀኝ የቆመው የኖራ ድንጋይ በጥንት ባሕር ወለል ላይ የተነባበረ ደለል ነው። ዛሬ ግን ለእግረኛ ምድጃ ሆኗል። ጠዋት ፀሐይ የነካው ግድግዳ ሙቀቱን ውጦ ያቆያል፤ ከዚያ ቀስ እያለ መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ ቆመንም ይሞቀናል። ነፋስም ወደዚህ ጥበት እምብዛም አይገባም። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም፤ ነፋስ በሌለበት ላቡ ይፈሳል፣ ሰውነቱ ግን አይበርድም።

በዚህ ዓይነት ሙቀት ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ላብ ሊያጣ ይችላል። ከላቡ ጋር ጨውም ይወጣል። ውኃ ብቻ ደጋግሞ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያሳሳዋል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይከተላል። ጨው የነካው ቆሎ፣ ወይም ከፋርማሲ የሚገዛ የተቅማጥ ውኃ መተኪያ ዱቄት ይበቃል። ለልብስ ደግሞ ሰፊ የጥጥ ሸሚዝና ነጠላ። የድሬዳዋ ወንዶች ሽርጥ የሚያገለድሙት አየር እንደ ልቡ ስለሚገባበት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጓደኛችሁን እያያችሁ ሂዱ። አንድ ጊዜ አብሮኝ የነበረ ሰው የጠየቅሁትን ትቶ ሌላ ነገር መመለስ ጀመረ፤ እርምጃው ተዛነፈ። እኔ ድካም መስሎኝ ጥቂት አስኬድሁት። ያን ጥቂት መንገድ እስከ ዛሬ እቆጭበታለሁ። በሙቀት መካከል የሰው ንግግር ከተምታታ የሰውነቱ ሙቀት ከልክ አልፏል ማለት ነው፤ አደጋው የሞት ነው። ወዲያው ጥላ ውስጥ አስተኝታችሁ ልብሱን በውኃ አርሱት፣ አራግቡለት፣ ወደ ሐኪም የሚያደርስ ሰው ጥሩ። የመጠጥ ውኃችሁን ለዚያ ለማፍሰስ አትሳሱ።

[ምስል፦ ከሸለቆው በላይ የዋሻ አፍ]

ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ጥላ ውስጥ መሆን ያስፈልጋል፤ ከከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከወንዙ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያለው ይህ ዋሻ በአርኪዮሎጂ ዓለም ፖርክ ኤፒክ ይባላል። ቃሉ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዊው ቄስና የቅሪተ አካል ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርደንና የአገሩ ልጅ ጀብደኛው ጸሐፊ ሄንሪ ደ ሞንፍሬይድ ቆፍረውታል። ከዚያ ወዲህ ከወጡት ግኝቶች እኔን የሚያስደንቀኝ ቀዩ አፈር ነው፤ 40 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከ4,000 በላይ ቁርጥራጭ፣ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እዚህ አምጥተው የፈጩትና የፋቁት። እነዚያ ሰዎች ሸለቆውን ከላይ ሆነው ማየትን መርጠዋል። ዋሻው ቅርስ ስለሆነ ምንም አትንኩ፤ ለመጎብኘትም አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ድሬዳዋም በቀትር ሱቋን ዘግታ ታርፋለች። እንግዳ ስንፍና ይመስለዋል፤ የአካባቢው እውቀት ነው። እኛም እስከ 10 ሰዓት ለመቆየት አስበን ነበር።

[ምስል፦ በተራራው ጫፍ ላይ የሚከማች ደመና]

8 ሰዓት ሲሆን ግን ደመና ከደንገጎ በላይ መከማቸት ጀመረ። በእኛ ራስ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ስለዚህ ሸለቆ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ እዚህ የሚገድለው ዝናብ ራሳችሁ ላይ የሚዘንበው አይደለም። ተራራው ላይ የወረደው ውኃ ድንጋያማና የተራቆተ ቁልቁለት ስለሚያገኝ አይሰርግም፤ ከየገደሉ ተሰብስቦ በዚህ በአንድ ጠባብ በር ይወጣል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ የመጣው እንዲሁ ነው፤ ሰው ተኝቶ ሳለ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች የደረሱበት ጠፋ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ድሬዳዋ ውስጥ ያን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ስለዚህ ወንዙ ውስጥ አታርፉ፣ ድንኳንም አትትከሉ። የከባድ መኪና ጉርምርምታ የመሰለ ድምፅ ከላይ ከሰማችሁ ዕቃችሁን ለመሰብሰብ አትቆዩ፤ በቅርባችሁ ባለው ዳገት ውጡ። በወንዙ አቅጣጫ ሮጦ ማምለጥ አይቻልም።

የመውረጃ ሰዓታችን ሲደርስ አሸዋውን ትተን በዳርቻው፣ በፍየል መንገድ ወረድን። እሾህ በዝቶበት አንድ ሰዓት ያህል አስረዘመብን። ጎርፉ በዚያ ቀን አልመጣም። ከወንዙ ዳር ወዳለው የቀፊራ ገበያ ስንደርስ አንዲት እናት ከወንዙ ዳር ቆማ፣ ጣቷን ወደ ደንገጎ ቀስራ፣ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራች ከአሸዋው ታስወጣ ነበር።