ጎጆ የጠማት ጊዜ

ክቡራን ወላጆች፣ መምህራን፣ የተፈጥሮ ክበብ ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ስለ ኤሊ ተናገር ስባል ሳቄ መጣ። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ቤቴ አንዲት ኤሊ አለች፤ ማዕረጌ ያ ነው። ጎረቤታችን ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ትቶልን ሄደ። ቤቷን ተሸክማ ስለምትዞር ልጆቼ «ጎጆ» አሏት።

ጅማ ላይ ቆሞ ስለ ውሃ ጥም ማውራት ያስቃል፣ አውቃለሁ። ዙሪያችን አረንጓዴ ነው፣ ዝናቡም አይሰስትም። እኔንም የሸወደኝ ይኸው ነው። ለጎጆ ውሃ በባልዲ አስቀምጬላት ነበር። በባልዲ! በምን አንገቷ ትድረስበት? ለነገሩ ጎመኑ ይበቃታል ብዬም አስቤ ነበር።

ጥር ላይ መብላት ተወች። ዓይኗ ጎደጎደ። ከሽንቷ ጋር የሚወጣው ነጭ ነገር እንደ እርጥብ ጠመኔ ሆነ፤ ሲነኩት አሸዋ አሸዋ ይላል።

ያን ነጭ ነገር ልብ በሉልኝ። ኤሊ ውሃ ለመቆጠብ ስትል የሰውነቷን ቆሻሻ ዩሪክ አሲድ አድርጋ ታስወጣዋለች። ውሃ ከጠገበች እንደ እርጎ ለስላሳ ነው። ከጎደላት ይጠጥራል። ሲብስ ፊኛዋ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ድመት ሲጠማት እግራችሁ ሥር መጥታ ትጮሃለች። ኤሊ ግን ዝም ነው።

መላው ሳፋ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ከአገጯ የማያልፍ። እንደ ጎጆ ያለች የየብስ ኤሊ ዋና አትችልም፤ ጥልቅ ከሆነ ትሰምጣለች። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትቆይበት። እንደ ውሻ አትልስም፤ አፍንጫዋን ጭምር ነክራ ትስባለች፣ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል ታያላችሁ። እኔ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ አስገባታለሁ። ጫጩት ከሆነች ቶሎ ስለምትደርቅ በየቀኑ ይሻላል። ጠዋት አድርጉት፤ የጅማ ማታ ለእርጥብ ኤሊ ይቀዘቅዛል።

ብቻ የሊጥ ሳፋ እንዳይሆን! ብዙ ጊዜ እዚያው ትጸዳዳለች፣ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሕዋስም ልትይዝ ትችላለች። ውሃው ይደፋ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ሰርዶ ስትሰጧት ውሃ ረጨት አድርጉበት። የአጥሩን ቁልቋል ግን አደራ፤ ወተቱ መርዝ ነው።

ልጆች፣ ሜዳ ላይ ያያችኋትን ኤሊ አታንሱ። ስትደነግጥ ፊኛዋ ውስጥ ያጠራቀመችውን ውሃ ትለቀዋለች። ያ የበጋ ስንቋ ነው።

የእኔ ወሬ እዚህ ላይ ይብቃ። ሳፋው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጎጆም ካርቶኑ ውስጥ አለች። ከፊት ያላችሁ ቁጭ በሉ። ጫጫታ ከሰማች አንገቷን አታወጣም።