ፒንግ ይመልሳል፣ ጉርብትናው ግን የለም

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

በአንድ ገመድ የተገናኙ ሁለት ራውተሮች ሰብኔት ማስካቸው (የአንድ ሰብኔት፣ ማለትም የአንድ ንዑስ ኔትወርክ፣ አድራሻዎች ከየት እስከ የት እንደሆኑ የሚወስነው ቁጥር) ሲለያይ ምን ይሆናል? ጥያቄው ጠባብ ይመስላል፤ ነገር ግን ከላይ ሲታይ ሁሉም ነገር ደህና ስለሚመስል ሰዓታት ይፈጃል።

አንዱ ራውተር 10.1.1.1 በ/24፣ ሌላው 10.1.1.2 በ/25 ነው እንበል፤ /24 ከ10.1.1.0 እስከ 10.1.1.255፣ /25 ደግሞ እስከ 10.1.1.127 ብቻ ያቅፋል። ፒንግ (የወዲያኛው መሣሪያ ይደረስበታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ መልእክት) ብታደርጉ ይመልሳል። ሁለቱም በየራሳቸው ማስክ ሲያሰሉ የወዲያኛው አድራሻ እዚያው ሰብኔት ውስጥ ያርፍላቸዋልና በአርፕ (የአይፒ አድራሻን ከሃርድዌር አድራሻ ጋር በሚያገናኘው ፕሮቶኮል) ተፈላልገው ይገናኛሉ። ፒንግ የሌላውን ማስክ አይጠይቅም። ኦኤስፒኤፍ፣ ራውተሮች የመንገድ መረጃ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል፣ ግን ይጠይቃል። በኢተርኔት ላይ በየ10 ሴኮንዱ ወደ 224.0.0.5 የሚላከው ሄሎ፣ ማለትም የጎረቤት መፈለጊያው መልእክት፣ የላኪውን ማስክ ይዞ ይሄዳል። ተቀባዩ ከራሱ ማስክ ጋር ያስተያየዋል፤ ካልገጠመ ሄሎውን ይጥለዋል፣ ጉርብትናውም (መረጃ የሚለዋወጡበት ግንኙነት) አይመሠረትም። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው አርኤፍሲ 2328 ላይ ሰፍሯል።

ለምን ይህን ያህል ጠበቀ? እዚህ ላይ ልቆይ። በኢተርኔት ላይ ዲአር (የመስመሩ ተወካይ) ሆኖ የተመረጠው ራውተር ስለ መስመሩ አንድ የኔትወርክ ኤልኤስኤ (ለሌሎች ራውተሮች የሚሰራጭ መግለጫ) ያወጣል፤ በውስጡም ያለው ማስክ አንድ ብቻ ነው። በኤሪያው (በኦኤስፒኤፍ ክልሉ) ያሉ ራውተሮች ሁሉ የመስመሩን ስፋት የሚያውቁት ከዚያ ነው። አንዱ «10.1.1.200 እዚህ ነው» ሲል ሌላው «የለም» ካለ፣ ያ አንድ ማስክ ለአንደኛው ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ ክርክሩ ገና በሄሎ ይቆረጣል።

ሁለት ራውተሮችን ብቻ በሚያገናኝ የፖይንት ቱ ፖይንት መስመር ግን ዲአር የለም፤ እያንዳንዱ ራውተር የራሱን ሰብኔት ለብቻው ያስታውቃል። ደንቡም እዚያ ማስኩን አትመልከቱ ይላል። የሁለቱንም ኢንተርፌሶች ዓይነት ወደ ፖይንት ቱ ፖይንት ቀይሮ ጉርብትናው ፉል (የተሟላ ደረጃ) ሲደርስ ችግሩን የፈታ የሚመስለው ባለሙያ አለ። እኔ አልመክረውም። ስህተቱ ይሸፈናል እንጂ አይታረምም፤ /24ም /25ም ጎን ለጎን በራውቲንግ ቴብል (በመንገድ ሠንጠረዡ) ላይ ይወጣሉ።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔበር» ስትሉ ሠንጠረዡ ባዶ ነው። ባዶነቱ ራሱ ፍንጭ ነው። ኤክስስታርት (የመረጃ ልውውጡ መጀመሪያ ደረጃ) ላይ ተቸክሎ ቢሆን ኤምቲዩን (የሚተላለፈውን ፓኬት ትልቁን መጠን) እንጠረጥር ነበር፤ ባዶ ከሆነ ግን ማስኩን፣ የሄሎና የዴድ (ጎረቤት ጠፋ የሚባልበት) ጊዜያቱን፣ ኤሪያውን፣ የይለፍ ቃሉን፣ ፓሲቭ (ሄሎ የማይልክ) ኢንተርፌስን ነው የምናየው። በሲስኮ ራውተር ላይ የሄሎ ዲባግ (የቀጥታ መከታተያ) ሲከፈት አር የሚለው የደረሰውን፣ ሲ የሚለው እኛ ያዋቀርነውን ማስክ ያሳያል። ሁለቱን አስተያዩ፣ አለቀ።

«ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ»ን ግን አትመኑ፤ አድራሻውን እንጂ ማስኩን አያሳይም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኢንተርፌስ» ሁለቱንም ያሳያል። በኔትወርክ ትእዛዝ ላይ የምንጽፈውን ዋይልድካርድም (የተገለበጠ ማስክ የሚመስለውን ቁጥር) ከማስኩ ጋር አታምታቱት፤ እሱ ኢንተርፌስ ይመርጣል እንጂ በሄሎ ውስጥ አይላክም። እሱን ደጋግሞ መቀየር ይህን ችግር አይፈታም።

ኢአይጂአርፒ፣ ሌላው የመንገድ መለዋወጫ ፕሮቶኮል፣ የተለየ ጠባይ አለው። ማስክ አያወዳድርም፤ የላኪው አድራሻ በእኔ ሰብኔት ውስጥ ነው ወይ ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ ከላይ ያልናቸው ሁለት ራውተሮች በኢአይጂአርፒ ይጎራበታሉ። ሁለተኛውን 10.1.1.130 በ/25 አድርጉት፤ ባለ /24ው ይቀበለዋል፣ ባለ /25ው ግን የሚያውቀው ከ128 እስከ 255 ያለውን ነውና 10.1.1.1ን የጋራ ሰብኔት ላይ አይደለህም ብሎ ይገፋዋል። በአንድ ወገን ጎረቤት ብቅ እያለ፣ በሌላው ወገን የስህተት መልእክት ሲደጋገም ብታዩ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ኦኤስፒኤፍ ቨርዥን 3 ሄሎው ማስክ ስለማይዝ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ለማረም ትክክለኛው ማስክ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ከአድራሻ እቅዳችሁ አረጋግጡ፤ ሁለቱን በግምት አታመሳስሉ። ራውተሩ ሩቅ ከሆነና የምትገቡበትም በዚያው ኢንተርፌስ ከሆነ፣ ከመቀየራችሁ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» ጻፉ። መግቢያው ቢዘጋባችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራውተሩ ተነሥቶ ወደ ተቀመጠው ውቅር ይመለሳል። ጎረቤቱ ፉል ሲል «ሪሎድ ካንስል» በሉ፤ ሴቭ የምታደርጉት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።