እጁ ዘግይቷል ወይስ ነቅቶባታል?

የተከበራችሁ የድንጋይ ወረቀት መቀስ ማኅበራችን አባላት፣ ከባሕር ዳር፣ ከሞጣ፣ ከቢቸናና ከደጀን የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ወደ ደብረ ማርቆስ በደህና መጣችሁ። ከጮቄ የሚወርደውን ብርድ ችላችሁ በጠዋት ስለተገኛችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ቡና ላፈላችሁልን እህቶች ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የዓመቱን ሥራ ባጭሩ ልበል። ሁለት ውድድር አድርገናል። ዳኞች አሠልጥነናል። አዳዲስ ልጆች ገብተዋል፤ በጣም ጎበዞች ናቸው፤ ኮርቼባቸዋለሁ። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያነብላችኋል።

እኔ የማወራችሁ በግራ በኩል ስላሉት ባዶ ወንበሮች ነው። የቡሬ ልጆች ቦታ ነበር። አምና ሞልቶ ነበር።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ለአዲሶች ግን ልበል፤ ሁለቱ ተጋጣሚዎች እጃቸውን እኩል ያወጣሉ፤ ቡጢ ድንጋይ፣ የተዘረጋ እጅ ወረቀት፣ ሁለት ጣት መቀስ ነው፤ ድንጋይ መቀስን፣ መቀስ ወረቀትን፣ ወረቀት ድንጋይን ያሸንፋል። ፍጻሜው ላይ ልጃችን በአራተኛው ዙር በወረቀት ድንጋዩን ሸፍና ሁለት ለሁለት ሆኑ። በአምስተኛው ደግማ ወረቀት አወጣች። የቡሬው ልጅ መቀስ አወጣ። ግማሹ ሰው «አይቶ ነው!» ብሎ ጮኸ። ዳኛው እኔ ነበርኩ። «እጅህ ዘግይቷል» አልኩና ነጥቡን ለእሷ ሰጠሁ። እሱ አልተከራከረም። ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ጓደኞቹም ተከተሉት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። እውነት አይቶ ነው? ወይስ ነቅቶባት?

መዋጮ ያቆሙ አንዳንድ አባሎቻችን «ድንጋይ ወረቀት መቀስ ዕድል ነው፤ ምን ያጣላል?» ይሉኛል። ይህ አባባል ያናድደኛል። በ2005 እ.ኤ.አ. ታካሺ ሃሺያማ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ኃላፊ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመቱ ሥዕሎችን ከጨረታ ቤቶቹ ክሪስቲስ ወይስ ሶዘቢስ ይሽጥልኝ ብሎ መወሰን አቃተው። በዚሁ ጨዋታ ተጋጠሙ አላቸው። ሶዘቢሶች ዕድል ነው ብለው ብዙም ሳያስቡ ወረቀት መረጡ። የክሪስቲስ ሰዎች የአንድ ባልደረባቸውን የ11 ዓመት መንትያ ልጆች አማከሩ። ልጆቹ «ሁሉም ሰው ድንጋይ ነው የሚጠብቀው፤ መቀስ በሉ» አሉ። መቀስ ወረቀቱን ቆረጠው። ሥዕሎቹም ለክሪስቲስ ሄዱ።

ሦስቱን ያለ ምንም ሥርዓት እያቀያየረ የሚያወጣን ሰው ማንም ሊነቃበት አይችልም። ግን ሰው እንዲህ መጫወት አይችልም። የቻይናው ዜጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 360 ተማሪዎችን ስድስት ስድስት አድርገው 300 ዙር አጫወቱ። በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት እኛም በየልምምዱ የምናየው ነው። ያሸነፈ ሰው ያሸነፈበትን መድገም ይወዳል። የተሸነፈ ይቀይራል።

ልጆቻችንም እዚሁ ላይ ይሸወዳሉ። ሲናደዱ ቡጢ ይጨብጣሉ፤ ድንጋይ ነው። አንዱን ሁለቴ ካወጡ ሦስተኛውን ይፈራሉ። ተጋጣሚያችሁ መቀስ ሁለቴ ካወጣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ድንጋይ ወይ ወረቀት ነው። ስለዚህ ወረቀት አውጡ፤ ወይ ታሸንፋላችሁ፣ ወይ እኩል ትወጣላችሁ። «ድንጋይ ነው የማወጣው» ብሎ የሚፎክርባችሁም አለ። እሱን ስትሰሙ ልባችሁ ሁለት እንዲሆን ነው የሚፈልገው። የጎጃም ሰው ቅኔ ሲሰማ ወርቁን ፍለጋ አይሰንፍም፤ እጅ ላይ ግን ሰሙን ብቻ እናያለን።

አሁን ወደዚያ ፍጻሜ ተመለሱልኝ። እሷ በወረቀት አሸንፋለች። ያሸነፈ ይደግማል። እሱም መቀስ አወጣ። ሌባ የሚያስብለው ምኑ ነው?

የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ሁሌ የሚያሸንፍ የሮቦት እጅ አሳይተዋል። ካሜራው በሺኛ ሰከንድ ውስጥ የሰውየውን እጅ ቅርጽ አይቶ አሸናፊውን ያወጣል። እሱ በእርግጥም አይቶ ነው። የሰው ዓይንና እጅ ግን እንዲህ አይፈጥኑም። አይቶ የሚያወጣ ሰው መዘግየቱ ያስታውቃል። እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ቀን የዘገየ እጅ አላየሁም። ጩኸቱን ሰምቼ ነው የፈረድኩት።

ባለፈው ወር ልምምድ ላይ አጠገቧ ቆሜ እጇን አየሁት። ወረቀት ልታወጣ ስትል ገና ክንዷ ወደ ላይ ሲነሣ ትንሿ ጣቷ ትፈታለች። አውራ ጣቷም ከጭብጡ ይላቀቃል። ነገርኳት፤ ደነገጠች። ምናልባት ልጁ ይህንን አይቶ ይሆናል። ይህን ማየት ደግሞ አልተከለከለም፤ ጨዋታው ራሱ ይህ ነው። ቢዘገይ እንኳ በደንባችን ዙሩ ይደገማል እንጂ ነጥብ አይሰጥም። ደንቡን ያጸደቅሁት እኔ፣ የጣስኩትም እኔ።

እዚህ ያላችሁ ወጣቶች፣ በስልክ እየቀዳችሁኝ እንደሆነ አያለሁ። አሁኑኑ ላኩለት።

የቡሬው ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ጓደኞችህንም ስለኔ ይቅርታ ጠይቅልኝ። ዋንጫው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። «ዙሩ ሳይደገም ቤቴ አይገባም» ብላ ራሷ መልሳዋለች። ሌላ ዳኛ መርጠናል። እስከ አሥር ሰዓት እዚሁ ነን። አሁን ከተነሣህ ትደርሳለህ።