ፍሪጅ ውስጥ የቀረው አፈር፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። የድሬዳዋን ሙቀት ችላችሁ ለተገኛችሁ ሁሉ፣ አዳራሹን ያለ ክፍያ ለሰጡን ወገኖችም በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ዝርዝር ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርባሉ። እኔ በሦስት የተዘጉ የሥራ ቦታዎች የአፈር ብክለት የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት ማጠናቀቃችንንና 11 ወጣቶችን የአፈር ናሙና አወሳሰድ ማሠልጠናችንን ብቻ ጠቅሼ፣ ኮርቼበትም፣ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደ ነሣኝ ጉዳይ እገባለሁ።

ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በምድር ባቡር ጋራዥ፣ በጨርቃ ጨርቅና በሲሚንቶ ያደገች ናት። የኢንዱስትሪ ትዝታችንን በኩራት እናወራለን፤ የተዘጋ የነዳጅ ማጠራቀሚያና የጥገና ቦታ በገጠር ትቶት ስለሚሄደው ነገር ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ መሆኑን፣ አሸዋማ አፈር ላይ የፈሰሰ ናፍታም ቁልቁል እንጂ ወደ ጎን ብቻ እንደማይሄድ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ከሦስቱ ቦታዎች አንዱ ቀበሌው አፀደ ሕፃናት ሊሠራበት ያሰበው የቀድሞ ነዳጅ ማጠራቀሚያ ነው። የተቃጠለ ዘይት የት ይደፋ እንደነበር በየትኛውም ሰነድ ላይ አላገኘንም፤ ከግንቡ ጀርባ፣ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር መሆኑን ያሳዩን ሽማግሌዎች ናቸው። በየካቲት ወር ከአራት ጉድጓዶች 14 ናሙና ወሰድን። ለላቦራቶሪ የሚከፈል ገንዘብ ግን አልነበረም፤ ከ86 አባላት መዋጮውን የከፈልነው 29 ነን። ናሙናው አንድ አባላችን ቤት፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከሥጋና ከወተት ጋር ተቀመጠ። (ባለቤታቸው ስላሳዩት ትዕግሥት በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።) በናፍታ የተበከለ አፈር በ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ ተጠብቆ በ14 ቀን ውስጥ ካልተመረመረ የናፍታው ከፊሉ ይተንናል፣ ከፊሉንም ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል። ብክለቱ እርሳስ የተባለው ብረት ቢሆን ስድስት ወር ይታገሠን ነበር። እኛ ገንዘቡን ስንለቃቅም 41 ቀን አለፈ።

ክርክሩ የተነሣው ያኔ ነው። ገሚሶቹ አባላት “ያለውን አስመርምረን ውጤቱን እንስጥ” አሉ፤ ሌሎቹ “ቦታው አይሸትም፣ ልጆቹ ዛፍ ሥር እየተማሩ ነው፣ ለሕፃናት አያሰጋም የሚል ደብዳቤ እንጻፍ” አሉ። የኋለኞቹን አልንቃቸውም፤ መዘግየት ራሱ ዋጋ እንዳለው እነርሱ ከእኔ በላይ ያዩታል። ነገር ግን ካረጀ ናሙና የሚወጣ ዝቅተኛ ቁጥር ማኅተም ያረፈበት ውሸት ነው። ለመጋዘን የሚበቃ መሬት፣ አፈር ወደ አፉ ለሚከት ሕፃን አይበቃም። ስለዚህ አልፈረምኩም። ከስብሰባው ወጥተው ያልተመለሱ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ዛሬም ወንበራቸው ባዶ ነው።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። እዚህ ግን በካዩ ድርጅት ፈርሷል፤ መሬቱና ውኃው የቀሩት ለቀበሌው ነው። እኛ ካልመረመርን ማን ሊመረምር እንደሚችል ንገሩኝ።

በግንቦት ወር ወደ ቀበሌው ስመለስ አንዲት እናት በኦሮምኛ “አፈራችንን ወስዳችሁ የት አደረሳችሁት?” አሉኝ። ፍሪጅ ውስጥ ነው ማለት አሳፈረኝና ስለ ሂደት የማይጨበጥ ነገር አወራሁ። ያንን መልስ እስከ ዛሬ እቆጭበታለሁ።

ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ስለ አካባቢ ጥበቃ አሳምራችሁ የምታወሩ፣ የመስክ ቀን ሲመጣ ግን ስልካችሁ የሚዘጋ አባላት፣ እዚህ የሌላችሁትም ጭምር፣ ይህን ከተገኙት እንደምትሰሙ አምናለሁ። ዕውቀታችሁ ያስፈልገናል፤ ሁለቱ ምርጥ የውኃ ባለሙያዎቻችን ከመካከላችሁ ናቸው። አዲሱን ናሙና የምንወስደው በመጪው ቅዳሜ ነው፤ መኪናው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከለገሃር ፊት ለፊት ይነሣል። በዚህ ጊዜ የላቦራቶሪው ክፍያ ቀድሞ ካልተሟላ አንድም ጉድጓድ አይቆፈርም፤ የጎደለውን የሚመዘግቡት ገንዘብ ያዣችን በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ።