ናፍጣ አይደለም፤ ስለ ጊታር እድፍ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ጣታችን ስለሚያርፍበት የጊታር እንጨት ጽዳት ነው፤ ፍሬትቦርድ ስለምንለው።

ጊታራችሁን መብራት ሥር አዘንብሉና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፍሬቶች፣ ማለት እንጨቱ ላይ በአግድም የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች፣ እዩ። እድፉ እኩል አልተዳረሰም። መሀሉን ጣት ስለሚፈትገው ያብለጨልጫል፤ ጥጉ ላይ ግን፣ ብረቱና እንጨቱ በሚገናኙበት፣ ቡኒ ነገር ተጋግሯል። ላብ ነው፣ የቆዳ ቅባት ነው፣ የክር ዝገት ነው። ሲ እና ጂ ኮርድ ብቻ፣ ማለት ከሦስተኛው ፍሬት ሳያልፉ የሚያዙትን የጣት አያያዞች፣ የሚመታ ሰው እድፉ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያበቃል። እንጨቱ ሐሜተኛ ነው።

ጠቆር ያለ ሮዝውድ ወይም ኢቦኒ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቫርኒሽ የለውም፤ የምለው ሁሉ ለእሱ ነው። ነጣ ያለው ሜፕል አብዛኛውን ጊዜ ቫርኒሽ ስላለው በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጠርጋችሁ ተዉት።

ክሮቹን በሙሉ አውጡ። አንገቱ ይጎብጣል የሚባለው ፍርሃት ለአንድ ሰዓት ሥራ አይሆንም። ከዚያ ያገለገለ የኤቲኤም ካርድ ውሰዱና በጠርዙ የፍሬቱን ጥግ ተከትላችሁ ፋቁ። ቢላ አታስጠጉ፤ እድፉን ሳይሆን እንጨቱን ታነሳላችሁ። ለቀረው አራት ዜሮ የተጻፈበት ስቲል ዉል አለ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ። የድስት መፈተጊያው ሽቦ እሱ አይደለም! ሳትጫኑ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ እሹ። ኤሌክትሪክ ጊታር ከሆነ መጀመሪያ ፒካፑን፣ ከክሮቹ ሥር ያለውን ድምፅ ተቀባይ፣ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት፤ ውስጡ ማግኔት ስላለ የብረቱን ብናኝ ይሰበስባል፣ ማስለቀቁም ጭንቅ ነው።

ግትር ብሎ ለቀረው፣ የውጭ ቪዲዮዎች «ናፍታ» ሲሉ ትሰማላችሁ። እኛ ናፍጣ የምንለው፣ መኪና ውስጥ የሚገባው፣ አይደለም። እነሱ የሚሉት ላይተር የሚሞላበትን ቤንዚን ዓይነት ነው፤ ቅባቱን ያሟሟና ቶሎ ይተናል። ናፍጣ ግን ራሱ ቅባት ነው፤ ሽታውም አይለቅም። ጥቂት ጠብታ ጨርቅ ላይ እንጂ እንጨቱ ላይ አታፍስሱ። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ የቡና ከሰል ካለበት ክፍል ደግሞ ውጡ። ጨርቁንም ሳትጠቀልሉ ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ጨርቁ ጥቁር ብቻ እያወጣ አላልቅ ካለ አቁሙ። ርካሽ ጊታሮች ላይ እንጨቱ ጥቁር እንዲመስል በቀለም ይነከራል፤ እያወጣችሁ ያላችሁት እድፍ ሳይሆን ቀለሙን ነው።

ቀጥሎ ዘይት። ጊታር ቤት «የሎሚ ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው ባብዛኛው የሎሚ ሽታ የተጨመረበት የማዕድን ዘይት ነው። ስሙን ሰምታችሁ ሎሚ ጨምቃችሁ እንዳትቀቡ፤ አሲድና ውኃ ነው። የኑግ ዘይትም አይሆንም፣ ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይያያዛል። ለመላው ፍሬትቦርድ አምስት ስድስት ጠብታ ይበቃል፤ በጨርቅ አዳርሱት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ የተረፈውን ጥረጉ። በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ሲበዛ ፍሬቱ በተተከለበት ስንጥቅ ይገባል።

አዲሱን ክር ከማሰራችሁ በፊት ጣታችሁን እንጨቱ ላይ ጎትቱት። አሻራ ከተወ ገና ዘይት አለ፣ ድገሙና ጥረጉ።