በታኅሣሥ ብርድ ስለ ሙቀት
አራት ኪሎ አካባቢ ለተዘጋጀ የሕዝብ ውይይት የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

አብዛኞቻችሁ ጃኬታችሁን እንደለበሳችሁ ነው የተቀመጣችሁት። ከኋላ ጋቢ የደረቡ አባቶችም ይታያሉ። ነገ ንጋት ላይ ሙቀቱ 7 ወይም 8 ዲግሪ ቢሆን የሚገረም የለም፤ የታኅሣሥ ወጉ ነው። በዚህ ብርድ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ሊናገር የቆመን ሰው «የቱ ሙቀት?» ብሎ መሳቅ ያምራል። ከዚሁ ሳቅ እንነሣ። መልሱ ዛሬ ማታ እዚሁ ደጃፍ ላይ አለና።

የነሐሴን ሌሊትና የታኅሣሥን ሌሊት አስተያዩ። በነሐሴ ፀሐይ ሳናይ ቀናት ያልፋሉ፤ የቀኑ ሙቀት 20 እና 21 ዲግሪ ላይ ይቀራል። በታኅሣሥ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ናት፤ ቀኑ 23 ዲግሪ ይደርሳል። ታዲያ ሌሊቱ የሚሞቀው መቼ ነው? በነሐሴ! በክረምት ሌሊቱ 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲቆም፣ በታኅሣሥ ወደ 7 ይወርዳል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይማ ውርጭ ያርፋል። መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት በማይታይ ጨረር ወደ ሰማይ ትመልሰዋለች። በክረምት ደመናውና በአየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተን ያንን ጨረር ውጠው ከፊሉን ወደ መሬት ይመልሱታል። በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ሙቀቱ ያለ ከልካይ ሽቅብ ይሄዳል። አባቶች የደረቡት ጋቢ እሳት የለውም፤ የገላን ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ። ጋቢ ያልደረበች ከተማ ናት እንግዲህ ዛሬ ማታ የምትንቀጠቀጠው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሚቴንና ሌሎቹ ሙቀት አማቂ ጋዞች የሚሠሩት ይህንኑ የጋቢ ሥራ ነው። ደመና ግን ነፋስ ሲገፋው ይሄዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋም ክረምትም ከላያችን አይነሣም፤ ዛሬ ከለቀቅነው ውስጥ ከፊሉ ከመቶዎች ዓመታት በኋላም አየር ላይ ይገኛል። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች ውስጥ 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ተከታታይ ልኬት ሲጀመር 315 ገደማ ደርሰው ነበር፤ ዛሬ ከ420 በላይ ናቸው። ጋቢው ሲወፍር ደግሞ ለውጡ ጎልቶ የሚታየው ሌሊት ላይ ነው። የአገራችን የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 2006 ያለውን መዝገብ ሲያጠና፣ ዝቅተኛው ማለትም የሌሊቱ ሙቀት በየ10 ዓመቱ በአማካይ 0.37 ዲግሪ ጨምሮ አግኝቶታል። ብርዱ አለ፤ የድሮውን ያህል ግን አይበረታም።

«ለመሆኑ አንድ ዲግሪ ምን አላት?» የሚል ደግሞ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ይህን ቁጥር ለመረዳት ከእኛ የተሻለ ቋንቋ ያለው ሕዝብ ያለ አይመስልም፤ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልን ነው ያደግነው። 100 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የ1.3 ዲግሪ ጭማሪ ማለት አገሩ ካለበት ሳይነቃነቅ 200 ሜትር ያህል ወደ ቆላ ተንሸራተተ ማለት ነው። ከፒያሳ ወደ ቃሊቲ አቅጣጫ እንደ መውረድ ቁጠሩት። ለከተማ ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል፤ እንዲያውም ሹራብ ያስጥላል። ገብስ ዘርቶ ለሚኖር የደጋ ገበሬ ግን ሰብሉን ተከትሎ ሽቅብ መውጣት የሚችለው ተራራው እስኪያልቅ ነው።

ወባም የከፍታ ነገር ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ወባ የለም የሚለው የቆየ ልማድ መሠረት አለው፤ ብርድ ሲበዛ ጥገኛ ተሕዋሲው ትንኟ ሆድ ውስጥ ዕድገቱን ሳይጨርስ ትንኟ ትሞታለች። በምሥራቅ ሸዋ የተመዘገበ መረጃ ሲጠና፣ ሞቅ ባሉ ዓመታት ወባው ወደ ከፍታ ቦታ ሲወጣ ታይቷል። ይሁንና አዲስ የወባ ወሬ በሰማን ቁጥር ሙቀቱን መክሰስም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ የከተማ ትንኝ ናት። ከሌላ አህጉር የመጣች እንግዳ ስትሆን፣ የምትራባውም በግንባታ ቦታ የውሃ ጉድጓድ፣ በበርሜልና ክዳኑ በተሰበረ ሮቶ ውስጥ ነው። ለእሷ መድኃኒቱ የሮቶውን ክዳን መግጠም ነው።

አሁን ወደ ኦዞን እንለፍ፤ አልትራቫዮሌት የተባለውን ጎጂ የፀሐይ ጨረር ወደሚያጣራው የላይኛው የአየር ንጣፍ። በታክሲም በካፌም የሚሰማው «ኦዞኑ ተሸንቁሮ ፀሐይዋ ለበለበችን» ነው። እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እውነት የሆኑ ሁለት ነገሮች ተጣብቀው አንድ ሐሰት ወጥቷቸዋል። የኦዞን መሳሳት በእርግጥ ደርሷል፤ የከፋው ግን አንታርክቲካ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት ጎጂዎቹ ጋዞች ስለታገዱ ንጣፉ ቀስ በቀስ እያገገመ ነው። የአዲስ አበባ ፀሐይም በእርግጥ ትለበልባለች፤ ይህ ግን የሆነው ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቀን፣ በዚያ ላይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለተቀመጥን ነው። በየ1,000 ሜትር ከፍታው የአልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ለዚህ ኮፍያና ጥላ ይበቃል። የምድር መሞቅ የሚመጣው መግቢያው ስለተከፈተ ሳይሆን መውጫው ስለጠበበ ነው።

ሁለቱ ጉዳዮች በእውነት የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ የፍሪጅ ጥገና ቤት። ኦዞኑን የሚጎዱት ጋዞች ሲታገዱ በምትካቸው የገባው አር-134ኤ የተባለ የፍሪጅ ጋዝ ኦዞንን አይነካም፤ ሙቀት በመያዝ ግን በ100 ዓመት ስሌት አንድ ኪሎው 1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህላል። አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 ሩዋንዳ፣ ኪጋሊ ላይ እንዲቀነስ የተስማሙትም ለዚህ ነው። የቤት ፍሪጅ ውስጥ 150 ግራም ቢኖር፣ ቱቦው ተቆርጦ «ፍስስ» ሲል የሚወጣው 215 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ መልቀቅ ነው፤ 93 ሊትር ቤንዚን እንደ ማንደድ ማለት ነው። «ጋዙ አልቋል፣ እንሙላው» የሚባለውን አትመኑ። የፍሪጅ ጋዝ በአገልግሎት አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ። ጥሩ ባለሙያ ናይትሮጅን ሞልቶ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይፈትሻል፣ ቀዳዳውን ይበይዳል፣ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ያወጣል፣ ከዚያ መለያው ላይ የተጻፈውን ግራም በሚዛን ለክቶ ይሞላል። ያለ ሚዛን የሚሞላ ሰው እየገመተ ነው። መለያው አር-600ኤ የሚል ከሆነ ጋዙ ለአየር ንብረት ጉዳቱ ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ ጋዙ ውስጡ እያለ እሳት ማስጠጋት ክልክል ነው።

ስለ ጭስ ደግሞ እንዲህ ነው። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ አሮጌ መኪና ስናይ «ይሄው ሙቀቱን ያመጣው» እንላለን። ጥቁሩ ጭስ ጥላሸት ነው፤ ሳንባ ይጎዳል፣ ጥቂት ማሞቁም አይቀርም። ዋናው ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ለቦሎ ምርመራ በንጽህና ካለፈችው መኪናም እኩል ይወጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። «ሊትሩ ራሱ 750 ግራም ገደማ አይደል እንዴ፣ 2.3 ኪሎ ከየት መጣ?» ይባላል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በሊትሩ ውስጥ 640 ግራም ያህል ካርቦን አለ። እያንዳንዱ 12 ግራም ካርቦን ሲነድ ከአየር 32 ግራም ኦክስጅን ይወስዳል። ቀሪው 1.7 ኪሎ የመጣው ከምንተነፍሰው አየር ነው።

በዚህ ስሌት ችግኝን እንመዝነው። በዓመት 1,000 ሊትር የምታቃጥል መኪና 2.3 ቶን ትለቅቃለች። አንድ ያደገ ዛፍ በግርድፉ በዓመት 20 ኪሎ ቢይዝ፣ ለአንዲቱ መኪና ከ100 በላይ ያደጉ ዛፎች ያስፈልጋሉ። በክረምት የተተከለች ችግኝ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምትይዘው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዛፍ መትከል ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ ጥላው፣ አፈር መያዙ፣ የከተማውን ሙቀት ማብረዱ ብቻውን ይበቃዋል። «ተክያለሁና ተወጥቻለሁ» የሚለው ሒሳብ ነው የማይሠራው። በዚያ ላይ ችግኙ መጽደቅ አለበት። የሚሞትበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ ይተከላል፤ ሥሩ እዚያው ውስጥ ይዞራል፣ ይታነቃል። ወይም ነሐሴ ሲያልቅ ይተከልና ሥሩ ጠልቆ ሳይወርድ ዝናቡ ያቋርጣል። ወይም ከኅዳር ጀምሮ ውሃ የሚያጠጣው የለም። ዘንድሮ የተከላችሁት ካለ የሚፈተንበት ወር አሁን ነው፤ እዚሁ ታኅሣሥ።

«ጥፋቱ የነጮቹ ነው፣ እኛን ምን አገባን» የሚለው ግማሹ ልክ ነው። ከዓለም የነዳጅና የድንጋይ ከሰል ካርቦን ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። የእኛ ልቀት በአብዛኛው ከመሬት፣ ከደንና ከከብት ነው፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ስትራቴጂ ከ85 ከመቶ በላዩን ለግብርናና ለደን ሰጥቶታል። የከተማ ሰው በዚህ ውስጥ የሚገባው በከሰል በኩል ነው። በተለመደው የአፈር ክምር አክሳዮች አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ያነድዳሉ። 30 ኪሎ የሚመዝን አንድ ማዳበሪያ ከሰል ደጃችሁ ሲራገፍ ከ150 እስከ 300 ኪሎ እንጨት ከኋላው አለ። የአገራችን ኤሌክትሪክ ግን ከ90 ከመቶ በላይ ከውሃ ኃይል ስለሆነ፣ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስበው የእንጀራ ምጣድ እንኳ ጭስ የለበትም ማለት ይቻላል። በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ አገር ይህ ስሌት ይለወጣል።

ዝናብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ የማያሻማውን ያህል የአገራችን ዝናብ ጠቅላላ መጠን ግልጽ አዝማሚያ አላሳየም። ድርቅ ሲመጣም ጎርፍ ሲመጣም «ያው የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ማለት ከስንፍና ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ክረምቱ ከሽፎ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ዕርዳታ ሲፈልግ ዋናው ገፊ ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓሲፊክ ውቅያኖስ የላይኛው ውሃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ክስተት ነበር። ያው ኤልኒኞ ግን በሶማሌና በቦረና በኩል የጥቅምትና የኅዳርን ዝናብ ያበዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ያየነው ጎርፍ የዚያ ነው። «ኤልኒኞ ማለት ድርቅ» የሚለው ለሰሜኑ ክረምት እንጂ ለአገሩ ሁሉ አይሆንም።

የአዲስ አበባንም ጎርፍ በበርሜል እንለካው። 200 ካሬ ሜትር ግቢ፣ ጣራውም ሲሚንቶውም ተደምሮ አንዲት ስንዝር አፈር ያልቀረችበት ነው እንበል። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 6,000 ሊትር፣ ማለትም 30 በርሜል ውሃ ከግቢው ይወጣል። 50 ግቢ ያለበት ሰፈር 1,500 በርሜል ወደ አንድ ቱቦ አፍ ይሰድዳል፤ የቱቦው አፍ ደግሞ በፌስታልና በሃይላንድ ጠርሙስ ተወትፏል። አየር አንድ ዲግሪ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው ውሃ 7 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ በ1.3 ዲግሪ 9 ከመቶ ገደማ። ሙቀቱ ከአሥር አንድ የማይሞላውን ጨመረ፤ የቀረውን ሲሚንቶውና ፌስታሉ ጨረሱት። ሥራው የግንቦት ነው፤ ቦዩን መጥረግ፣ በአጥር ሥር ቢያንስ አንድ ሜትር አፈር መተው፣ የጣራውን ውሃ ወደ ሮቶ መጥለፍ።

ስምንተኛው ሺህ ገብቶ ነው ለሚሉት እናቶችና አባቶች ክርክር የለንም፤ የቱቦው ጠረጋ በየትኛውም ሺህ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ቀርቷል። በጋው ሲያልቅ የበልግ ዝናብ ትንበያ ይነገራል። «ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 ከመቶ» ከተባለ፣ መደበኛ የሚባለው የ30 ዓመት መዝገብ ነው፤ 45 ማለትም ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ ከሌሎቹ ይሻላል፣ የማይሆንበት ዕድል ግን አሁንም 55 ነው ማለት ነው። ገጠር ዘመድ ያላችሁ ስትደውሉ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አትንገሩ፤ ሦስቱንም ንገሩ። ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን ይዝራ ወይስ ከፍሎ ያቆይ የሚለውን የሚወስነው 20ዋን ሰምቶ ነው።

ማይክሮፎኑ በግራ በኩል ነው፤ ጥያቄ ያላችሁ ተነሡ። አመሰግናለሁ።