ዘንገናን የፈጠረው ኮከብ አይደለም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የእንጅባራና የአካባቢዋ ልጆች፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ከሰማይ ስለሚወድቅ ድንጋይ ነው። ሳይንቲስቶቹ ሜትዮራይት ይሉታል። ጉዳዬ ግን እዚሁ ምድር ላይ ነው። አንዲት ትንሽ ከተማ ያላትን አንድ ድንቅ ነገር፣ እንደ እኛው ዘንገና ሐይቅ ያለውን፣ እንዴት ትጠብቀዋለች? ለእንግዳስ ምን ብላ ታስረዳለች?

ከናሚቢያ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1920 አንድ ገበሬ ግሩትፎንቴን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ በበሬ ሲያርስ ማረሻው ብረት ነክቶ ቀጥ አለ። ሲቆፈር ግዙፍ ነገር ወጣ። ሆባ የሚባለው ሜትዮራይት ይህ ነው። ክብደቱ 60 ቶን ይጠጋል። በዓለም ላይ እስካሁን ከተገኙት ሁሉ በአንድ ቁራጭ የሚበልጠው የለም። ዛሬም ከቦታው አልተነሳም። ቀድሞ ግን የመጣ ሁሉ ለማስታወሻ እያለ ይቆርሰው ነበር። በ1955 ብሔራዊ ቅርስ ተባለ። ኋላም የእርሻው ባለቤት ድንጋዩን ከነመሬቱ ለመንግሥት ሰጠ። ዙሪያውን የድንጋይ ደረጃ ተሠራለት። ዛሬ ከዋና ከተማዋ ከዊንድሁክ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚያየው ሰው ብዙ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ኤንሲሳይም የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ኅዳር 7 ቀን 1492 ስንዴ ማሳ ላይ ድንጋይ ወደቀባት። ያን ጊዜ 127 ኪሎ ያህል ነበር። ሕዝቡ ወዲያው ይቆርሰው ጀመር። የጊዜው የጀርመን ንጉሥ ማክሲሚሊያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲቀመጥ አዘዘ። እንዲያም ሆኖ ዛሬ የቀረው ከግማሽ በታች ነው። የከተማዋ ሰዎች ለዚህ ድንጋይ የጠባቂዎች ማኅበር አቋቁመውለታል። ማኅበሩ በማን ስም የተጠራ ይመስላችኋል? በቅዱስ ጊዮርጊስ! በየዓመቱ ጥር 23 በጊዮርጊስ ዕለት ፈረስ ለምታወጡት ለእናንተ ይህን ስነግር ደስ እያለኝ ነው። ማኅበር መሥርቶ የራስን ነገር መጠበቅ አገው ምድር ያውቅበታል።

የሚያሳዝነውም ታሪክ ቅርብ ነው። ሶማሊያ ውስጥ ኤል አሊ በምትባል ከተማ አካባቢ 15 ቶን ገደማ የሚመዝን የብረት ሜትዮራይት ነበር። አርብቶ አደሮቹ ከትውልድ ትውልድ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪዎች ከትንሽ ቁራጩ ላይ በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድናት ማግኘታቸውን ተናገሩ። ዓለም ጉድ አለ። ድንጋዩ ግን እንደተዘገበው ወደ ቻይና ተወስዶ ገዢ ይፈለግለት ነበር። ለኤል አሊ የቀራት ስሟ ብቻ ነው። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፤ ወደ ዘንገና።

ከአንዳንድ ወጣት አስጎብኚዎች አንድ ነገር እሰማለሁ። እንግዳው ሐይቁን አይቶ “ይህ እንዴት እንዲህ ክብ ሆነ?” ሲል “ኮከብ ወድቆበት ነው” ይሉታል። እንግዳውም ፎቶውን አንስቶ፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ልጆቼ፣ እባካችሁ ይህን ተዉት። እውነቱ ከዚህ ይበልጣል።

ዘንገናን የሠራው ከታች የመጣ እሳት ነው። ቅልጥ ድንጋይ ከምድር ውስጥ ሲወጣ የከርሰ ምድር ውሃ አገኘ። በጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ያ ነገር በተራራ መጠን ሆነ በሉ። ውሃው ባንዴ እንፋሎት ሆነ፤ እንፋሎቱ መሬቱን በረቃቅሶ ወደ ላይ በተነው። የቀረው ጉድጓድ ውሃ ሞላበት። ጎረቤቱ ጥርባም የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። የዘንገና ጥልቀት ከ160 ሜትር በላይ ነው። በአገራችን ካሉ ሐይቆች በጥልቀት ከፊተኞቹ ይሰለፋል። ይህ ሁሉ ደግሞ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከሚወስደው አስፋልት ዳር ነው! መኪናው ግን ሽው ብሎ ያልፋል።

አሜሪካ ውስጥ፣ አሪዞና በረሃ ላይ፣ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1891 ጊልበርት የተባለ ትልቅ የሥነ ምድር ሊቅ መርምሮ “የእንፋሎት ፍንዳታ ነው” አለ። እኛ ዘንገናን “የኮከብ ነው” እንደምንለው፣ እሱ የኮከቡን የእንፋሎት አደረገው። በ1960 ሹሜከር የተባለ የሥነ ምድር ተመራማሪና ባልደረቦቹ እዚያ ኮሳይት የሚባል ማዕድን አገኙ። ኮሳይት የሚፈጠረው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን እጅግ ከባድ ግፊት ሲደርስበት ነው። የእንፋሎት ፍንዳታ ያን ያህል ግፊት የለውም። ጉድጓዱን የሠራው ከሰማይ የወደቀ ሜትዮራይት መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። የብረት ነበር፤ የወደቀውም ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዛሬ ጎብኚው ቲኬት ቆርጦ ይገባል፤ የሚነገረውም የተፈተሸ ታሪክ ነው። ሊቅ እንኳ መርምሮ መለየት ያልቻለውን ነገር፣ የዘንገና ልጅ በማስረጃ ማስረዳት ቢችል እንግዳው ስንት ሰዓት ቆሞ ይሰማ ነበር!

ጥቁር ድንጋይ ይዛችሁ “ሜትዮራይት ነው?” የምትሉኝም አላችሁ። ጎጃምን ያለበሰው ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው። እሱም ከበድ ይላል፤ ማግኔትም ሊስበው ይችላል። ስለዚህ በማግኔት ብቻ አትፍረዱ። ውስጡ የአረፋ ቀዳዳ ካለው ሜትዮራይት ላለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። አዲስ የወደቀ ሜትዮራይት ላዩ በስስ ጥቁር ቅርፊት ይሸፈናል። እውነት ሲወድቅ ካያችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመጣበትን አቅጣጫ ጻፉ። አትስበሩት፤ አትጠቡት። በንጹሕ ፌስታል አድርጋችሁ ዩኒቨርሲቲ ላሉ የሥነ ምድር መምህራን አሳዩ። ለደላላ ግን በፍጹም!

እ.ኤ.አ. በ2008 ከሱዳን በረሃ በላይ ሰማይ ላይ የፈነዳውን የጠፈር ድንጋይ ፍርስራሽ የለቀሙት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። ተሰልፈው አሸዋውን በእግር አሰሱ። ዛሬ ያ ሜትዮራይት አልመሐታ ሲታ ይባላል። በረሃ ላይ ያለች የአንዲት ትንሽ ባቡር ጣቢያ ስም ነው። ተማሪዎቻችን ይህን የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ዘንገና ዳር አንድ ሰሌዳ ይቁም፤ በአማርኛና በአዊኛ እውነተኛው ታሪክ ይጻፍበት። ጽሑፉን ከመምህራኑ ጋር ሆኜ እኔ አዘጋጃለሁ። እንጨቱንና ቀለሙን ከተማው ይቻል። አስጎብኚዎቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ላስተምር ፈቃደኛ ነኝ፤ የምትመዘገቡ ከዚህ ስብሰባ በኋላ እዚሁ ጠብቁኝ። የጥር 23 እንግዳ ከመድረሱ በፊት እንጨርሰው።

አመሰግናለሁ።